የአያቴ አባት ስም

አባትሽ ምን ይሠራ ነበር ተብላ ስትጠየቅ የእናቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ገበሬ ነበር።» ከዚያ ወሬ ትቀይራለች። አያቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ስለዚህ እኔም ገበሬ ነበር እያልኩ አደግኩ። ሸዋ ውስጥ ገበሬ ያልሆነ አያት ያለው ማን ነው?

መጠየቅ የጀመርኩት ሽማግሌ ሲላክብኝ ነው።

የምሠራው አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ካለ መጋረጃ ቤት ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ገባሁና መጀመሪያ ክር ለቃሚ ነበርኩ፤ አሁን ስፌት ላይ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ደንበኛ ሲመጣ አንገቴን እደፋለሁ። የሱቁ ባለቤት «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ማሽኑ ውስጥ ትገባለች» እያለች ትስቅብኛለች።

ሽማግሌ የላከብኝ ልጅ መጀመሪያ የመጣው የሱቁን በር ሊበይድ ነው። የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ወደ ቀራንዮ መውረጃው ላይ የራሱ ብየዳ ቤት አለው። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ሦስት ቀን ተመላለሰበት። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ቆሞ፣

«ማጠፊያው ይጮኻል እንዴ?» አለኝ።

«አይጮኽም።»

«አንቺም አትጮኺም፣ እሱም አይጮኽም። እዚህ ቤት የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ተጀመረ። ዓመት ተኩል አብረን ቆየን። እሱ ለሁለታችንም ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ሰውን እንዲህ እየሰሙ ማርጀት እንደሚቻል ከሱ በፊት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው በእሑድ መጡ። እንደ ወጉ ቆመው «የመጣንበት ጉዳይ አለ» አሉ፤ እናቴ አስቀመጠቻቸው። ታላቁ ሽማግሌ የልጁ አባት የላኩትን ቃል አደረሱ። ጥሎሽ አይጠይቁም፣ ድግስም እንደ አቅማችን ይሁን ብለዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ይምጣላቸው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠር የሁላችንም ወግ ነው። «እሳቸው የራሳቸውን በዳዊታቸው ላይ ጽፈው ይዘዋል፤ ከእናንተ ጋር ያስተያዩታል» አሉ ሽማግሌው።

«ይቆጠራል» አለች እናቴ። ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

የአባቴ ወገን ቀላል ነበር። አባቴ ቢሞትም እህቱ በስልክ፣ አንድም ጊዜ ሳትተነፍስ፣ እስከ ስምንት ቆጠረችልኝ። «አንዱ ምርቃት ነው» አለች። የእናቴ ወገን ሁለት ላይ ቆመ። አባቷን ነገረችኝ፣ የአባቷን አባት ነገረችኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት።

«ከዚያስ እማዬ?»

«ከዚያማ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርን ሽማግሌ አድርጌ ልላክ?»

«ወይ ጉድ! መናገር ጀመረች» አለችና ሳህኖቹን ማጋጨት ያዘች።

የረሳችው መስሎኝ አዘንኩላት። ስለዚህ ወረቀት ፍለጋ ወጣሁ። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ቤት ነው፤ በአያቴ ስም የተከፈተ አሮጌ ፋይል ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ መኖሩን አውቃለሁ። መዝገብ ቤቱ ያለው ልጅ ሁለት ጊዜ «ነገ ነይ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሳልናገር ቆሜ ቆየሁ። መናገር ስለማልችል መቆም እችላለሁ። ሰልቸት ብሎት አቧራውን በክርኑ እየጠረገ ፋይሉን አወጣልኝ።

ቅጹ ቢጫ ሆኗል። የሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ከታች የአያቴ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አሻራውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ያን ያህል ትልቅ ጣት አይቼ አላውቅም። የአያቴ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም፣ የተወለደበት አጥቢያ ሁሉ አለ። ሦስተኛ ስም አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ «ገበሬ» ይላል።

የመዝገብ ቤቱ ልጅ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አየና፣ «ገበሬ? ኮልፌ ላይ ምን ሊያርስ ነው? አስፋልት?» አለ።

አልሳቅኩም። የቅጹን ቅጂ አስነሥቼ ወጣሁ፤ እቤቴ ድረስ ግን ጥያቄው ተከተለኝ። እናቴ የተወለደችው እዚሁ ነው። ያደገችው፣ የተዳረችው እዚሁ ነው። አባቷ ታዲያ በምን አሳደጋት?

በዚያው ሳምንት የእድራችንን ጸሐፊ አገኘኋቸው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሰው ናቸው። የእድሩ አሮጌ መዝገብ ላይ ምናልባት የአያቴ ሙሉ ዘር ተጽፎ ይሆናል ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ደብተሩን ሰጡኝ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዘር የሚባል ነገር አልተጻፈም። ከአያቴ ስም ጎን ግን በሌላ ቀለም አንድ መስመር አለ፦ «የድንኳኑን ካስማ በሙሉ በእጁ ቀጥቅጦ ለእድሩ ሰጠ።»

«ቀጥቅጦ ማለት?» አልኩ።

ጸሐፊው ደብተሩን ከእጄ ወስደው ዘጉት። ከዚያ «እናትሽ አልነገረችሽም?» አሉኝ።

«ገበሬ ነበር ነው የምትለው።»

«ትበል። ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያትሽ ባለእጅ ነበር ልጄ። ብረት ቀጥቃጭ። መጥረቢያ ቢል፣ ቢላ ቢል፣ የቤት ማጠፊያ ቢል፣ የዚህ ሰፈር ብረት ሁሉ ከእሱ ጓሮ ነው የወጣው። በበራችን ሲያልፍ እናቴ ምሳችንን በሰፌድ ትከድን ነበር፣ ዓይኑ እንዳይበላን። ማታ ደግሞ ቢላዋን ሊስልላት ትልክለታለች።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «እሷ ስትሞት ድንኳኗ የቆመው በእሱ ካስማ ነው። ዛሬም ሰው ስንቀብር ድንኳን የምንተክለው በዚያው ካስማ ነው። ይህን ለሰው አታውሪ።»

ቤት ስገባ እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ቆሜ «ባለእጅ ነበር» አልኳት። ማማሰሏን አላቆመችም።

«ማነው የነገረሽ?»

«መዝገብ።»

«መዝገብ አፍ አለው እንዴ!» አለች፣ ከዚያ እሳቱን አጠፋችና ተቀመጠች። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቷ ነገረችኝ። አገሩ ላይ የአያቴ አባት ቀጥቃጭ ነበር፣ አያቴም ከሱ ሥራውን ተማረ። መሬት አልነበራቸውም፤ በአንድ ባላባት መሬት ጥግ ላይ፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ የባላባቱን ማረሻ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። አያቴ ሚስቱን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ቅጽ የሚሞላው ሰውዬ ሥራህ ምንድን ነው አለው፤ ገበሬ አለ። የአባትህ ስም ማነው አለው። እዚህ ላይ አያቴ የአባቱን ስም አልተናገረም። የባላባቱን ስም ተናገረ። የአያትህስ ሲለው የባላባቱን አባት ጠራ።

«ለምን?»

«የአባቱን ስም ያወቀ የአገሩ ሰው፣ የቀጥቃጩ ልጅ መጣ ይለዋላ! የባላባቱን ስም ቢያይ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ስም እንደሆነ ሞልቷል፤ የማንም አይደለም።»

«እውነተኛው የአባቱ ስም ማን ነበር?»

እናቴ ድስቱን ከደነችው። «አልነገረኝም» አለች። «እኔም አልጠየቅኩትም።»

ከዚያ ተነሥታ የወረዳውን ቅጂ ከእጄ ወሰደችና አጠፈችው። «ወረቀቱ ያለው ይበቃል። ይኸው ሦስት ቤት። ሌላው ጠፍቶብናል እንላለን፤ የስንቱ ዘር ጠፍቷል። አፍሽን ዝጊና ተዳሪ።»

አፌን ዘጋሁ። ያንን እንኳ እችላለሁ።

ቆጠራው የተደረገው በእነሱ ቤት፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። የልጁ አባት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳዊታቸውን ከማህደሩ አውጥተው ጠበቁን። ረጅም፣ ንግግራቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። እኔን «ነይ የኔ ልጅ፣ ወዲህ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ያስቀኛል። የአባቴ ወገን ተቆጠረ፤ ምንም አልተገናኘም። ከዚያ እናቴ የአባቷን ስም ጠራች፣ የባላባቱን ስም አስከተለች፣ የባላባቱን አባት ጨመረች።

አባቱ እጃቸውን አነሡ። «አገራቸው የት ነው?»

እናቴ ወረቀቱ ላይ ያለውን አጥቢያ ተናገረች።

አባቱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እናቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«የጠራሻቸው እኮ አያቴ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «አባታቸውም የእኔ ቅድመ አያት።»

ሽማግሌዎቹ በአንድ ላይ «እንዴ!» አሉ። እኔ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ። ከዚህ ከተማ ሕዝብ መካከል፣ አያቴ ስማቸውን የወሰደባቸው ባላባት የልጅ ልጅ ቤት ገብቼ ቁጭ ብያለሁ።

«አያትዎ በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ ነበራቸው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ የአያቴን ስም ጠርተው።

«በዳዊቱ ላይ የለም» አሉ አባቱ ቀስ ብለው። «ግን የዱሮ ሰው ነው፣ ባላባት ነው። ከቤት ውጭ የተወለደ ልጅ በዳዊት አይጻፍም።» ወደ እናቴ ዞሩ። «እንደዚያ ይሆን እንዴ እትዬ?»

እናቴን አየኋት። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ አንገቷን ደፋችና፣ «እንግዲህ… የልጅነት ነገር ነው፣ አባቴ ማውራት አይወድም ነበር» አለች። ከቀጥቃጭ ልጅነት የዲቃላ ልጅነት ተሻላት።

«በቃ!» አሉ አባቱና ተነሥተው እናቴን ሁለት ጉንጯን ሳሟት። «የአጎቴ ልጅ ነሽ ለካ! ሠርግ ብንል እግዜር ዘመድ ሰጠን። ልጆቹ እንግዲህ ወንድምና እህት ናቸው፤ ይሳሳሙ።»

እሱ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ። አፉ ደርቆ ነበር። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። እናቴ አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ ከደስታ የመጣ መሰለው፣ ግማሹ እውነትም ከደስታ ነበር።

ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። እኔ ደውዬለት አላውቅም። ታክሲዎቹ የሚዞሩበት ጋ ካለው ጭማቂ ቤት ተገናኘን። ያሰብኩት ቀላል ነበር። ዘመድ አይደለንም፤ ቤተ ክርስቲያንም ወግም አይከለክለንም። የቀረው ነውር ብቻ ነው። ነውር ደግሞ ሁለት ሰው ከተሸከመው ይቀላል ብዬ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጭማቂውን በማንኪያ ማማሰል ጀመረ።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ።

«እህትህ እንዳልሆንኩ እንድታውቅ።»

«እህቴ ብትሆኚ ይሻል ነበር።»

እጁን አየሁት። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነጠብጣብ ከጣቱ እስከ ክርኑ አለ። «አንተስ የምትሠራው ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ እኮ በማሽን ነው የምሠራው። ሙያ ነው። ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? ብረት አይደለም?»

«ያ ዘር ነው» አለ። ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። ቀጥሎ እንደ ልምዱ ሊያስቀኝ ፈለገ፦ «አሁን ልጅ ብንወልድ፣ በአንድ በኩል መዶሻ፣ በአንድ በኩል ኤሌክትሪክ…» መጨረስ አቃተው። ሳቁ የለመድኩት ሳቅ ነበር፤ በዚያ ዕለት ግን አስቀያሚ መሰለኝ። ሊሄድ ሲነሣ «አባቴ ጋ እንዳትሄጂ» አለኝ። «ዘመድ ብለውሻል፤ ይብቃሽ።»

ሄድኩ። ልጁ ቢፈራ አባቱ ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ከውሸት እውነት ይሻላል ይላሉ፣ ምናልባትም ልጃቸውን «አይዞህ» ይሉታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። የቀረኝ ተስፋ ያ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ፤ ብቻቸውን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ መሬቱን እያየሁ «አያቴ የአያትዎ ልጅ አልነበረም፣ ውሸት ነው፣ ቀጥቃጭ ነበር» አልኳቸው።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ገብተው ዳዊቱን ይዘው መጡ። የመጨረሻውን ባዶ ቅጠል ገለጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ማንበብ ትችያለሽ?»

«በዝግታ።»

«በዝግታ አንብቢው።»

ጽሑፉ የእጅ ነው፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። እገሌ ተወለደ ይላል፤ እገሊት ተዳረች ይላል። ቦራው በሬ የሞተበትም ተጽፏል፣ ጎበዝ አራሽ ነበር ተብሎ። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቀጥቃጩ ወንድ ልጅ ወለደ። ማረሻውን ሳይሠራ ስለዘገየ ዘር ሳይዘራ ቀረ።»

ራሴን አቀናሁ። እያዩኝ ነበር።

«ያ የተወለደው ልጅ አያትሽ ነው» አሉ። «በስም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አባቱ ብረት ሲያግል እሱ ወናፍ ሲነፋ ከሩቅ ቆሜ አይቼዋለሁ። መቅረብ ተከልክለን ነበር። እናትሽ የአባቷን ስም ከእኔ አያት ስም ጋር አገናኝታ ስትጠራ፣ ማን እንደሆናችሁ በዚያች ደቂቃ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዘመድ አሉን?»

«ምን ልበል? በሽማግሌ ፊት፣ በእናትሽ ፊት የቀጥቃጭ ዘር ናችሁ፣ ልጄን አልሰጥም ልበል? ዘመድ ብዬ አከበርኳችሁ። እናትሽ እንዴት ደስ እንዳላት አላየሽም?» ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። እውነትም ያከበሩን መስሏቸዋል፤ ይህን በፊታቸው ላይ አየሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ልጅዎስ ያውቃል?»

«ያን ዕለት ማታ ነገርኩት።»

ስለዚህ ጭማቂ ቤት ስነግረው ቀድሞ ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ስናገር፣ ማንኪያውን ሲያዞር፣ ያውቅ ነበር።

የመጣሁበት ነገር አብቅቷል። መነሣት ነበረብኝ። ግን ቅጠሉ ጭኔ ላይ ነው፣ ጣቴም ያችው መስመር ላይ ነው። «አባባ» አልኳቸው፣ «ቀጥቃጩ ስሙ ማን ነበር?»

«የቱ?»

«የአያቴ አባት።»

አሰቡ። በእውነት አሰቡ፤ ግንባራቸውን ጨምድደው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። «የበሬው እንኳ ትዝ ይለኛል» አሉ። «እሱን ግን… ቀጥቃጩ ነበር የምንለው። በቃ፣ ቀጥቃጩ።» ከዚያ ዳዊቱን ከጭኔ አነሡና በጨርቁ ጠቀለሉት። እስከ በር ሸኙኝ። «እናትሽን ሰላም በያት። ለበዓል እንድትመጣ ንገሪያት፤ አትራቁን» አሉኝ።

ከቀራንዮ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ብይዝ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል ብዬ ነው። ብየዳ ቤቱን በሌላ መንገድ ዞሬ አለፍኩት፤ የብየዳው ድምፅ ግን እስከ ዞርኩበት ድረስ ይሰማ ነበር። መንገዱን ሁሉ ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ሁሉን ያውቃሉ፣ ያን ቀንም ያውቁ ነበር፣ ሲስሙሽም እያወቁ ነው የሳሙሽ ልላት ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር።

እናቴ በር ላይ ቆማ ከጎረቤት ሴትዮ ጋር ታወራለች። አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች። ሲያዩኝ ሴትዮዋ «ከባላባቶቹ ቤት መጣሽ?» አለችኝ፤ ማሾፍም ማድነቅም ነበረበት። እናቴ በሰፈሩ ሁሉ እንዳወራችው ገባኝ። በዕድሜዋ ሙሉ ስለ አባቷ ወሬ የምትቀይር ሴት፣ አሁን በር ላይ ቆማ ስለ አባቷ ታወራለች።

«የአጎቴ ልጅ ምን አሉሽ?» አለችኝ፣ ሴትዮዋ እንድትሰማ ጮክ ብላ።

«ሰላም ብለውሻል» አልኳት። «ለበዓል ትምጣ፣ አትራቁን ብለዋል።»

«አየሽ!» አለች ወደ ሴትዮዋ ዞራ። «ደም እኮ ነው።»